ለትንንሾቹ ቋንቋዎች ጎረቤት እንሁን

እ.ኤ.አ. በ1947 የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው የጋፋትን ቋንቋ ፍለጋ ጎጃም ሲገባ ያገኛቸው ተናጋሪዎች አራት ብቻ ነበሩ። ዛሬ ጋፋት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበትን ስፍራ ነው። ሕዝቡ አላለቀም፤ ልጆቹ አማርኛ ተናጋሪ ሆኑ እንጂ።

ይህን ያነሳሁት የዝዋይ ሐይቅ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። በደሴቶቹና በዳርቻው የሚኖሩት ዛዮች ከስልጥኛና ከሐረሪ የሚዛመድ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ኦሮምኛና አማርኛም ይናገራሉ፤ መታደል ነው። ነገር ግን ገበያው በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ፣ ቅዳሴው በግዕዝ ከሆነ ለዛይኛ የሚቀርለት ቤት ብቻ ነው። እናት ለልጇ መናገር የተወች ቀን እሱም ይዘጋል።

ሕጉስ አልጎደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና ይኖራቸዋል ይላል። የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2032 ያለውን ዘመን ለነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ሰጥቷል። እውቅና ግን ልጅ አያናግርም።

ልጅ የሚያናግረው ሰው ነው፤ ዝም የሚያሰኘውም ሰው ነው። ብዙ ተናጋሪ ያለውን ቋንቋ የምንናገር ሰዎች ዕዳችን እዚህ ላይ ነው። ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰዎች በቋንቋቸው ሲጨዋወቱ «በሰው ቋንቋ አውሩ» የሚል አይጠፋም፤ የሚስቅም አለ። እንዲህ ያለ ንግግር ልጅ ፊት ሲነገር ልጁ ማፈር ይማራል። የሰማ ሁሉ ተው ይበል፤ መምህር ደግሞ ከሁሉ በፊት።

አያቶች ተረት ሲያወሩ ስልካችሁን አውጥታችሁ ቅረጹ። መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ቦታውንና ቀኑን በድምፅ አስገቡ፤ ቅጂውን ለቤተሰቡ ተዉ። ቀረጻ ብቻውን ግን ሌስላው ለጋፋት ካደረገው አያልፍም፤ መጽሐፉ ተረፈ፣ ቋንቋው ሞተ። ስለዚህ ተረቱን የሚሰማና መልሶ የሚያወራ ልጅ ያስፈልጋል። ዕድሩ ከስብሰባው፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱም ከመርሐ ግብሩ ለዚህ አንድ ሰዓት ቢቆርስ ከየትም በጀት አይጠብቅም። ለጥናት መጥታችሁ ቃላት የሰበሰባችሁ ተመራማሪዎችም የሰበሰባችሁትን ለባለቤቶቹ መልሱ።

በሐይቁ ዳር ባለችው ባቱ ከተማም ሆነ አዲስ አበባ ያላችሁ የዛይ ልጆች፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ልጆቻችሁን በዛይኛ ጥሯቸው። ጎረቤቶቻቸው የሆንን ደግሞ ሰላምታውን እንማርና እንመልስላቸው።