መስመር ሲቋረጥ ሽንፈት የሚቆጥር ጨዋታ

ስትራቴጂ ጌም በሚወዱ ወጣቶቻችን ዘንድ ማንም የማይመረምረው አንድ እምነት አለ። እውነተኛው ጨዋታ ኦንላይን ነው፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር መጫወትም ሆነ አጠገብ ከተቀመጠ ጓደኛ ጋር መጋጠም መለማመጃ ብቻ ነው ይላል። ብቃት የሚለካው በራንክ ነው፣ ራንክ የሚገኘው ሰርቨር ላይ ነው፣ ሰርቨር ላይ የሌለ ተጫዋች እንደሌለ ይቆጠራል። ይህን ያስለመዱን ጨዋታውን የሚሸጡት ኩባንያዎች ናቸው፤ እኛም ሳንጠይቅ ተቀበልነው። እምነቱ ግን ስህተት ነው ባይ ነኝ። ስትራቴጂ የማሰብና የባላንጣን ሐሳብ የማንበብ ጨዋታ ስለሆነ የማያቋርጥ ኢንተርኔት ሳያስፈልገው መኖር ከሚችሉት ጌሞች ሁሉ ቀዳሚው ነበር። ዛሬ ነፍሱ በመስመሩ ላይ እንድትንጠለጠል ተደርጓል። በዚህም አብዝቶ የሚጎዳው እንደ ጎንደር፣ እንደ ዳባትና እንደ ደባርቅ ባለ ከተማ የሚኖር፣ መብራቱም ኔትወርኩም መቼ እንደሚጠፋ የማያውቅ ተጫዋች ነው።

ክሱ ትክክል እንዲሆን በመጀመሪያ ያለ ጥፋቱ የሚወቀሰውን ነጻ ማውጣት ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ርቀት ነው። በእርግጥ ርቀቱ ቀላል አይደለም። ከጎንደር የተነሣ ትእዛዝ አዲስ አበባ ወርዶ፣ በጅቡቲ ባሕር ገብቶ፣ ቀይ ባሕርንና ስዊዝን ተሻግሮ፣ ማርሴይ ላይ ወጥቶ ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ለመድረስ ከ7,000 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ አለበት። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ ብቻ 70 ሚሊ ሰከንድ ይበላል፤ በየመንገዱ ያሉት መሣሪያዎች የሚጨምሩት ገና አልተቆጠረም። የተኩስ ጌም ለሚጫወት ይህ ከባድ ነው። ለስትራቴጂ ተጫዋች ግን አይደለም። የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስን የኔትወርክ ሥራ የሠሩት ፖል ቤትነርና ማርክ ቴራኖ እ.ኤ.አ. በ2001 እንደጻፉት፣ ጨዋታው የታሰበው ለዘገምተኛው የስልክ መስመር ሞደም ነበር፤ ትእዛዝ እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ ተጫዋቹ ልብ አይለውም፣ እስከ 500 ቢደርስም በደንብ ይጫወታል። ሰውን የሚያስመርረው አንዴ መፍጠኑ አንዴ መንቀራፈፉ ነው። መዘግየቱ አንድ ዓይነት ከሆነ እጅ ይለምደዋል። እንግዲህ የጎንደሩን ተጫዋች ከጨዋታ ያስወጣው ከፍራንክፈርት መራቁ አይደለም፤ መስመሩ የማይታመን መሆኑና ጨዋታው ለማይታመን መስመር ምንም ምሕረት የሌለው ሆኖ መሠራቱ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ሺህ ቀስተኛ በመስመሩ አይላክም። ስምንት ሰው ቢጫወት ስምንቱም ኮምፒዩተሮች ያንኑ ጦርነት በየራሳቸው ያሰላሉ፤ የሚለዋወጡት “ይህን ሠራዊት ወደዚያ ውሰድ” የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ሁሉም እኩል እንዲራመዱ ስለሚገደዱ የአንዱ መስመር ሲንቀራፈፍ የሁሉም ጨዋታ ይንቀራፈፋል። አርባ ደቂቃ የተለፋበት ጦርነት ላይ፣ ግንቡ ቆሞ፣ እርሻው ተዘርግቶ፣ ሠራዊቱ ከጠላት በር ደርሶ ሳለ ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ቀስተኛው ቀስቱን እንደወጠረ ይቀራል፤ ከመሀል ትንሽ ሳጥን ብቅ ትልና የዘገየውን ተጫዋች ስም ጽፋ ሰከንድ መቁጠር ትጀምራለች። ያ ስም የጎንደሩ ልጅ ስም ነው። ሌሎቹ በማያውቀው ቋንቋ ይሰድቡታል። ቆጠራው ሲያልቅ ይባረራል፤ መዝገቡ ላይም ሽንፈት ይጻፍበታል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለተኛው ጨዋታ ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያውያንን ከነሾተል ተዋጊዎቻቸው አስገብቷል፤ ዮዲትንም የአንድ ዘመቻ ባለታሪክ አድርጓታል። በስማችን ሠራዊት ተሰልፎ ሳለ የአገሩ ልጅ ሠራዊቱን ይዞ እስከ መጨረሻው መዝለቅ አለመቻሉ ያሳዝነኛል።

ከዚህ ሁሉ ከባዱ በደል የራንኩ ነው። ዛሬ ጌሞች የሚጠቀሙባቸው የደረጃ ቀመሮች መነሻቸው የፊዚክስ ፕሮፌሰሩ አርፓድ ኤሎ ለቼዝ የሠሩት፣ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ስሌት ነው። ያ ስሌት ለቼዝ ጠረጴዛ ፍትሐዊ ነው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚቋረጥ መስመር የለምና ውጤቱ ብቃትን ይነግራል ብሎ ማመን ይቻላል። ስሌቱ ውጤትን እንጂ ምክንያትን አይጠይቅም። ወደ ኦንላይን ሲዛወር ግን በጎንደሩ ማራኪ ሰፈር መብራት መጥፋቱንና የተጫዋቹን ስልት መክሸፍ በአንድ ሚዛን ይመዝናል። ደጋግሞ የተቋረጠበት ተጫዋች ደግሞ “ጥሎ የሚወጣ” ተብሎ ለተወሰነ ጊዜ ከውድድር ይታገዳል። የእኛ መቋረጥ የደቂቃ ብቻም አይደለም። ከሰኔ 15 ቀን 2011ዱ የባለሥልጣናት ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ጠፋ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ለወራት ሳይመለስ ቆየ። በእነዚያ ወራት ሰው ያጣው ከጌም እጅግ የሚበልጥ ነገር እንደሆነ አልስትም። ነገር ግን የአንድ ወጣት የደረጃ ሰንጠረዥ የክልሉን የመከራ ወራት እንደ ስንፍና መዝግቦ ካስቀመጠ፣ ያ ሰንጠረዥ ብቃትን ይለካል ብለን ልንሟገትለት አይገባም።

በስልክ የሚጫወቱት ደግሞ ሌላ ወጥመድ ውስጥ ናቸው። ክላሽ ኦፍ ክላንስን እንውሰድ። መንደርህ የሚወረረው ጨዋታው ላይ በሌለህበት ሰዓት ነው፤ ተከፍቶ ሳለ ማንም አይነካህም፣ ጋሻ ከሌለህ ስልክህን ስትዘጋ ለወራሪ ክፍት ትሆናለህ። የክላን ጦርነት ሲኖር የውጊያው ጊዜ 24 ሰዓት ነው፤ በዚያ ቀን ኔትወርክ ያጣ ሰው የራሱን ብቻ ሳይሆን የባልደረቦቹንም ድል ይዞ ይወድቃል። ግንባታ እስኪያልቅ የሚጠበቀውን ጊዜ በገንዘብ ማሳጠር ይቻላል፤ ብር የያዘ የአገር ውስጥ ካርድ ግን ውጭ አገር አይከፍልም። ወረራ የሚለው ቃል ለእኛ ሌላ ትዝታ አለው። በጥንቱ የአገራችን ቼዝ በሰንጠረዥ፣ በቀይ ጨርቅ ላይ በሌላ ቀለም ቅዳጅ መስመር በተሰፋው ገበታ፣ የጨዋታው መክፈቻ ወረራ ይባል ነበር። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ይህን በዝርዝር ጽፈው ካቆዩልን አንዱ በ1860 እ.ኤ.አ. ጎንደር አጠገብ በደረሰበት ጥቃት ቆስሎ የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው። ዛሬ “ሪል ታይም” ተብሎ እንደ አዲስ ግኝት የሚሸጥልን፣ ሁለቱም ወገን ባንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስበት ስትራቴጂ እዚህ አገር ያለ አንዳች መስመር ሲጫወት ኖሯል። ፍጥነት ነበረው፤ ፍጥነቱ ግን የሁለት ሰው ዓይንና እጅ ፍጥነት ነበር። አሸናፊነቱም በቁጥር ብቻ አይለካም ነበር፤ ንጉሡን እንደ ደርና ፈረስ ባሉ ኃይለኛ ጠጠሮች መያዝ ተራ ሲሆን እንደ ፊልና መደቅ ባሉ ደካሞች መጨረስ ያስከብራል። ከብቦ የሚያየው ሰው ጥበቡን ለይቶ ያደንቃል። ይህን የሚያይ ሰርቨር እስካሁን አልተሠራም።

ጥፋቱ የቴሌና መስመሩን የሚዘጋው አካል ነው፣ ጨዋታውን ምን ትለዋለህ የሚል ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው፤ መስመሩ ቢስተካከል ከማንም ቀድሜ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። ግን ጨዋታው በመስመሩ ላይ እንዲንጠለጠል የወሰነው ቴሌ አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ስታርክራፍት በአንድ ሲዲ እስከ ስምንት ሰው ባንድ ክፍል ውስጥ በገመድ ተያይዞ እንዲጫወት ይፈቅድ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. የመጣው ተከታዩ ይህን ጨርሶ አስወገደ፤ አንድ ጠረጴዛ የሚጋሩ ሁለት ጓደኛሞች እርስ በርስ ለመጋጠም በሩቅ ሰርቨር በኩል መገናኘት ግድ ሆነባቸው። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የኮፒ ስርቆትን መከላከል ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን በገንዘቡ የገዛው ሰው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ሲምሲቲ ብቻህን ከተማ የምትሠራበት ጨዋታ ሆኖ ሳለ ያለ ኢንተርኔት አልከፈት አለ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰርቨሮቹ ተጨናንቀው የገዙት ሰዎች መግባት አቃታቸው፣ ኩባንያውም ስሌቱ ያለ ሰርቨር አይሆንም ሲል ቆየ። በዓመቱ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን መንገድ ራሱ ከፈተ። አይቻልም የተባለው የሚቻል ነበር ማለት ነው። በዚያው በ2013 ሁለተኛው ስታርክራፍት የተቋረጠ ጨዋታን ከቆመበት የሚያስቀጥል ዘዴ ጨመረ፤ ኔትወርክ በትልልቅ ውድድሮች መሀል ሻምፒዮኖችንም ያስቆም ነበርና። ለሻምፒዮን ከቆመበት መቀጠል ከተገባ፣ ለደባርቁ ተማሪ ሽንፈት የሚቆጠርበት ምክንያት አይታየኝም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ጎንደር ውስጥ ለጎበዝ ተጫዋች የሚመጥን ባላንጣ ስንት ይገኛል? ኦንላይን ባይኖር ልጁ ከሰፈሩ አይወጣም፤ ያደገው ከዓለም ጋር ስለተጋጠመ ነው ይባላል። ይህን አልክድም። ግን ከሩቅ ባላንጣ ጋር መገናኘትና ለአርባ ደቂቃ ያለ ማቋረጥ መገናኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቼዝ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። በነጻው ሊቼስ ላይ ለአንድ እርምጃ ቀናት የሚሰጥ የደብዳቤ ቼዝ መጫወት ይቻላል፤ ጠዋት ኔትወርክ ሲኖር አንድ ጠጠር ያንቀሳቀሰ ሰው ማታ ባይኖረው አይሸነፍም። ጥራቱም አይጓደልም፤ እንዲያውም ለማሰብ ጊዜ ስለሚሰጥ ይበልጣል። የሲቪላይዜሽን ስድስተኛው ጨዋታም ባንድ ኮምፒዩተር ፊት ወንበር እየተለዋወጡ መጫወትን ይፈቅዳል። በዝግታ የሚሄድ፣ መቋረጥን የሚችል ጨዋታ ከዓለም ጋር ያገናኛል። እኛን ያገለለን ዓለም አቀፍነቱ ሳይሆን ከራንኩ ጋር የተጋባው ጥድፊያ ነው።

የሰፈሩን ባላንጣ መናቅም አያዋጣም። ሊስትሮዎቹ የሚጫወቱት ዳማ በካርቶን ላይ ይሠመራል፤ ጠጠሩ ቆርኪ ነው፣ የአንዱ በደረቱ የሌላው በጀርባው ይተኛል። አንድ ልጅ ሲሸነፍ ይነሣል፣ ከከበቡት አንዱ ይቀመጣል፤ የተነሣው ቆሞ እያየ የተሸነፈበትን መንገድ ይማራል፣ እንዴት እንደተበላ የሚያስረዳውም አያጣም። ኦንላይን የተሸነፈ ተጫዋች የሚያገኘው የቁጥር መቀነስና ቀጣይ ባላንጣ የመፈለጊያ ቁልፍ ነው። ባላንጣው ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ነገም አያገኘውም። ልጁ በዳማው ዙሪያ በአንድ ሳምንት የሚማረውን ሰርቨር ላይ በወር ይማራል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ጎንደር ውስጥ ጌም ቤት የከፈቱ፣ የዩኒቨርሲቲ ውድድር የሚያዘጋጁና ጌም መሥራት የሚማሩ ልጆች ውሳኔያቸውን ከመስመሩ ውጭ ቢጀምሩ እላለሁ። ጌም ቤቱ ኮምፒዩተሮቹን በአንድ ራውተር አያይዞ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ የቆዩ ስትራቴጂ ጌሞችን ቢጭን መስመር በተዘጋበት ሳምንትም ውድድር ማካሄድ ይችላል። ራንክ ከተፈለገ የኤሎን ስሌት በደብተር መሥራት ይቻላል፤ መብራት ሲጠፋ ጨዋታው ሳይቆጠር በሌላ ቀን ይደገማል፣ ይህን የሚወስነውም እዚያው የተቀመጠ ዳኛ ነው። ሶፍትዌር የሚማረው ልጅ ደግሞ ሰንጠረዥን ከነወረራው በአንድ ስልክ ላይ ለሁለት ሰው ቢሠራው ሰርቨር አያስፈልገውም፤ ሁለት አውራ ጣት በአንድ ስክሪን ላይ ባንድ ጊዜ መሥራት ይችላል።

ሰንጠረዥ እኮ ሞቷል፣ የሞተ ጨዋታ ምን ያስተምረናል የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የሚጫወተው ሰው ማለቁ እውነት ነው። ሕጉ ግን አልጠፋም፤ ፕላውደን የጻፈው፣ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ሰብስበው ያሳተሙት አለ፤ ጨርቅና ሠላሳ ሁለት ጠጠር ያለው ሰው ዛሬ ማታ መጀመር ይችላል። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ውድድር ጌም ሰርቨሩ ሲዘጋ ግን የገዙት ሁሉ በዚያው ቀን መጫወት አቆሙ፤ አውሮፓ ውስጥ ጨዋታ ከተሸጠ በኋላ እንዳይገደል የሚጠይቀው ዘመቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ያሰባሰበው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ሰርቨር ሲዘጋ ዜና ይሆናል፤ ለእኛ ልጆች ሰርቨሩ ሳይዘጋም ተዘግቶባቸው የከረመ ነው። ቀጣዩን ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅሎ ጨዋታው ይከፈት እንደሆነ ይሞክረው።