ባዶ ቅጽ ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ

አየር ጤና፣ ዘነበወርቅ ወይም አጠና ተራ አካባቢ ካሉት የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች አንዱ ጋ የውጭ አገር ቅጽ ሊያስሞላ የገባ ሰው ይህን ገጽ ያውቀዋል። ነጭ ነው። አናቱ ላይ በእንግሊዝኛ «እባክዎ ይጠብቁ» ይላል። ዝቅ ብሎ፣ ይህ መልእክት በትክክለኛው ይዘት ካልተተካ የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ይህን ዓይነት ሰነድ ማሳየት ላይችል ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ባለጉዳዩ ይጠብቃል። «ኔትወርክ ነው» ይባላል። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ይበራል። ፋይሉ እንደገና ይወርዳል። ገጹ ግን እስከ ማታ ቢጠበቅ አይለወጥም። የሚመጣ ነገር የለማ! «ይጠብቁ» የሚለው ቃል ራሱ ውሸት ነው።

እዚህ ላይ ስሙ ቶሎ የሚነሣው የካናዳ ቅጽ ነው። የተማሪ ፈቃድ የሚጠየቅበት አይኤምኤም 1294፣ የጎብኚ ቪዛው አይኤምኤም 5257፣ ካናዳ ያለ ሰው የትዳር ጓደኛውን የሚጠራበት አይኤምኤም 1344 ሲታዩ ፒዲኤፍ ናቸው፤ ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። የተሠሩት ኤክስኤፍኤ በሚባል ዘዴ ነው። በፋይሉ ውስጥ ሁለት ነገር ተቀምጧል፤ አንዱ ያ የ«ይጠብቁ» ገጽ፣ ሌላው ትክክለኛውን ቅጽ የሚሠራ መመሪያ። መመሪያውን የሚያነብ ፕሮግራም ቅጹን ዘርግቶ ያሳያል። የማያነብ ፕሮግራም ያችኑ ነጭ ገጽ አሳይቶ ዝም ይላል። ስልክ ላይ ያሉት መክፈቻዎች በአብዛኛው አያነቡትም። ፋየርፎክስ እንኳን ማንበብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ፣ በ93ኛው እትሙ ነው።

ኤክስኤፍኤን የፈጠረው ጄትፎርም የተባለ የኦታዋ ኩባንያ ነበር። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2002 ገዛው። ከዚያ በ2017 የወጣው የፒዲኤፍ 2.0 ዓለም አቀፍ ደረጃ ይህን ዘዴ ጊዜው ያለፈበት ብሎ ገሸሽ አደረገው። ደረጃ የሚያወጣው ዓለም «አሮጌ» ብሎ የጣለው ነገር፣ ኮልፌ ላለው ኮምፒዩተር ገና ያልደረሰበት አዲስ ነገር ሆኖ ይጠብቀዋል ማለት ነው። አመልካቹም በሁለቱ መሐል ቆሞ ቀነ ገደቡን ይቆጥራል።

የጽሕፈት ቤት ልጆች መፍትሔ አያጡም። ይህ ሊመሰገን ይገባል። ቅጹን ብሮውዘሩ ውስጥ ከመክፈት ይልቅ በቀኝ ጠቅ አድርገው ኮምፒዩተሩ ላይ ያስቀምጡታል። አዶቢ ሪደር 10 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን በፍላሽ ይዘው ይዞራሉ፤ 11ኛው እትም በዊንዶውስ 7 ላይም፣ በኤክስፒ ላይም ይሠራል። ፋይሉን የሚከፍቱት ከፕሮግራሙ ውስጥ ገብተው ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል።

የማይበቃበት ጊዜም አለ። ሪደር ከ10ኛው እትም ጀምሮ፣ ማለትም ከ2010 ወዲህ፣ ሰነዱን በተከለለ ክፍል ውስጥ የሚከፍትበት «የጥበቃ ሁነታ» አለው። ደካማ ማሽን ላይ ይህ አጥር ራሱ ገጹን ባዶ ሊያስቀረው ወይም ፕሮግራሙን ሊያደርቀው ይችላል። ልጆቹ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ምልክቱን ያነሡታል፤ ቅጹ ብቅ ይላል፤ ሁሉም ይደሰታል። የተነሣው ግን ክፉ ፋይል ወደ ኮምፒዩተሩ እንዳይዘልቅ የቆመው አጥር ነው። ያ ማሽን ዊንዶውስ 7 ከሆነ ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ የደኅንነት ጥገና ካቆመለት ጥር 2020 ጀምሮ ዓመታት አልፈዋል። ቀኑን ሙሉ የሰፈሩ ፍላሽ የሚሰካበት፣ የሰፈሩ ፓስፖርት ስካን የሚደረግበት ማሽን ነው።

ሰዓቱስ? ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የአሮጌ ኮምፒዩተር ማዘርቦርድ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ፋብሪካ ወደተሠራበት ዘመን ይመለሳል። ብሮውዘሩ የድረ ገጹን የምስክር ወረቀት ከኮምፒዩተሩ ቀን ጋር ስለሚያስተያይ «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ በሩን ይዘጋል። በዲጂታል ፊርማ የታተመ ሰነድም «ፊርማው አልተረጋገጠም» ሊል ይችላል። ያኔ አንዱ ትጉህ ልጅ ቀኑን ያስተካክላል፤ ዓመቱን 2018 ብሎ ይሞላል። በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ በሩም እንደተዘጋ ይቀራል። አንዲት ርካሽ ባትሪ መቀየርና ዓመቱን በፈረንጅ መሙላት ስንት የቪዛ ማመልከቻ ከመጉላላት ባዳነ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጥፋተኛ የሚባለው ማን ነው? ሁልጊዜ ባለ አሮጌ ኮምፒዩተሩ። የእርዳታ ገጹ «ፕሮግራምዎን ያሻሽሉ» ይላል። የተማረ ዘመድ ከውጭ ደውሎ «አዲስ ላፕቶፕ ግዙ እንጂ» ይላል። በምን? ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው። ቢገዛስ? ዊንዶውስ 10 ራሱ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ድጋፉ ተቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ትናንት «ያገለገለ ግን ንጹሕ» ተብሎ የተገዛው ማሽን ዛሬ አሮጌ ሆኗል። በዚህ ሩጫ ኮልፌ መቼም አትቀድምም፤ እንድትሮጥ መጠየቁም ግፍ ነው።

«ለደኅንነት ሲባል ነው» የሚለው ክርክር ሊሰማ ይገባዋል፤ ሲመረመር ግን ብዙ አይቆምም። የሰው የባንክ ሂሳብ፣ የሕክምና ውጤት፣ የደመወዝ ደብዳቤ ቢቆለፍ ተገቢ ነው። ያም ቢሆን ላኪው ተቀባዩ በምን እንደሚከፍተው ማሰብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 አክሮባት 9 ይዞት በመጣው ባለ 256 ቢት ምስጠራ የተቆለፈ ሰነድ፣ ከዚያ በፊት በተሠራ ፕሮግራም ትክክለኛው የይለፍ ቃል ቢሰጠውም አይከፈትም። ሰውየው ቃሉን የረሳ እየመሰለው ደጋግሞ ይሞክራል።

ባዶ ቅጽ ግን ምን ምሥጢር አለው? ዓለም ሁሉ በነፃ የሚያወርደው ያልተሞላ ወረቀት ከማን ይጠበቃል? እንዳይታረም ነው ከተባለ፣ ኮፒና እርማት የሚከለክለው የፒዲኤፍ መቆለፊያ የቆመው በፕሮግራሙ ይሉኝታ ላይ ነው። ፋይሉ «እባክህ አትቅዳኝ» ይላል፤ ጨዋ ፕሮግራም ይታዘዛል፣ ባለጌው አይሰማም። አጭበርባሪ ባለጌውን ይዞ ይመጣል። ተቸግሮ የሚቀረው ሐቀኛው ነው። ሰነድ እንዳይጭበረበር ከሆነ የታሰበው፣ ለዚያ የተፈጠረው ዲጂታል ፊርማ ነው፤ የተነካካ ሰነድን ያጋልጣል፣ ማንበብን ግን አይከለክልም። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 ሕጉን ካወጣችለት ቆይታለች።

ፈረንጅን ብቻ መውቀስም አይገባም። ከነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፎች ብዙዎቹ አማርኛው ሲገለበጥ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ይሆናል፤ የተተየቡት ዩኒኮድ ባልሆነ የግዕዝ ፎንት ነውና። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትም ነው። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላን ይዞ መጥቷል። ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚወጣ ደብዳቤ ፎንቱ ሳይካተትበት፣ እንዳይታረም ተቆልፎ በቴሌግራም ይላካል። አሮጌ ማሽን ላይ ሳጥን በሳጥን ሆኖ ይወጣል። ስለተቆለፈ ፎንቱን መቀየር አይቻል፣ ስለማይነበብ ምን እንደሚል አይታወቅ። ዓይነ ስውሩ ደግሞ ሰነድ የሚያነብለት ፕሮግራም ትርጉም የሌለው ድምፅ ያሰማዋል። ሕግን ለሕዝብ አሳውቄአለሁ የሚል አካል ይህን ማሳወቅ ይለዋል?

የዚህ ሁሉ ዋጋ የሚከፈለው በጊዜና በብር ብቻ ቢሆን በተቻለ ነበር። ቅጹ ያልከፈተለት ሰው ሁለት መንገድ ነው ያለው። አንዱ «ፒዲኤፍ እንከፍታለን» የሚሉ ድረ ገጾች ናቸው፤ የተሞላውን ቅጽ፣ የልጆቹን ስም፣ የፓስፖርት ቁጥሩን ለማያውቀው ሰው ሰርቨር ይጭናል። ሌላው ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ነው። እሱ አዲስ ላፕቶፕ አለው፤ ኢሜይል ይከፍትለታል፣ የይለፍ ቃሉን ግን እሱው ይዞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ኤምባሲው የሚጽፈውን የሚያነበው ደላላው ነው። ጥያቄ ሲመጣ «ደብዳቤ መጥቷል፣ ጨምር» ይባላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም የብዙ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር «ዳውንሎድ» ፎልደር ቢከፈት የማያውቁት ሰው የልደት ሰርተፍኬትና የጋብቻ ወረቀት ይገኝበታል። ልጆቹን በሌብነት መጠርጠር አይገባም፤ ቀን ሙሉ ሲሠሩ ውለው መደምሰስ ይረሱታል።

መፍትሔው የሮኬት ሳይንስ አይጠይቅም። ከተቆለፈው ቅጽ ጎን አንድ ተራ፣ ታትሞ በእጅ የሚሞላ ፒዲኤፍ ማስቀመጥ ይቻላል። «እባክዎ ይጠብቁ» በሚለው ፈንታ «ይህ ቅጽ እዚህ አይከፈትም፤ አውርደው በአዶቢ ሪደር ይክፈቱት» ብሎ እውነቱን መጻፍ ከዚህም ይቀላል። ካናዳ ራሷ የቋሚ ነዋሪነት ቅጾቿን በከፊል ድረ ገጽ ላይ በቀጥታ ወደሚሞሉበት አሠራር አዛውራለች፤ የቀሩትን የሚያግድ ነገር የለም። እዚህ አገር ደግሞ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን በዩኒኮድ ተይቦ፣ ፎንቱን አካቶ፣ ከመላኩ በፊት ከግቢው ወጥቶ ቅርቡ ባለ ጽሕፈት ቤት አሮጌ ማሽን ላይ ከፍቶ ይየው። ካልከፈተ አይላከው።