ሁለት ፓስፖርት፣ አንድ ማሊያ

“ገብረሥላሴ” የሚለው ስም እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2021 በጀርመኑ ቨርደር ብሬመን ማሊያ ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር። የስሙ ባለቤት ቴዎዶር ገብረሥላሴ ከኢትዮጵያዊ አባትና ከቼክ እናት የተወለደ የቀኝ መስመር ተከላካይ ነው። በ2012 ከስሎቫን ሊበሬትስ ጋር የቼክን ሊግ ዋንጫ አነሳ። በዚያው ዓመት በአውሮፓ ዋንጫ ከቼክ ጋር ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። ለብሔራዊ ቡድኑም ከ50 በላይ ጨዋታዎችን አድርጓል።

“ለምን ለኢትዮጵያ አልተጫወተም?” የሚሉ አሉ። ጥያቄው ለእሱ ከሆነ ፍርደ ገምድልነት ነው። ተወልዶ ያደገው፣ ኳስም የተማረው ቼክ ነው፤ ለአገሩ ተጫወተ። ሊጠየቅ የሚገባው የኢትዮጵያ ሕግ ነው።

የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። በአንድ እጁ የሰጠውን ግን በሌላው ይወስዳል። ልጁ በትውልድ የሌላ አገር ዜግነት ካለው፣ 18 ዓመት በሞላው በ1 ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል። ዝምታ ከመቼ ወዲህ ነው ፈቃድ የሆነው?

በ18 እና በ19 ዓመቱ አንድ ተከላካይ የመጀመሪያ ኮንትራቱን እያሳደደ ነው። የአውሮፓ ፓስፖርቱን ጣል ማለት እንጀራህን ጣል ማለት ነው። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድም እዚህ ላይ አይረዳም። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፤ ፊፋ የሚጠይቀው ግን ዜግነት ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? ካሊዱ ኩሊባሊ ፈረንሳይ ተወልዶ ለፈረንሳይ ከ20 ዓመት በታች ቡድን ተጫውቷል። በኋላ ሴኔጋልን መረጠ፤ በ2022 መጀመሪያም አምበል ሆኖ የአፍሪካ ዋንጫን አነሳ። አሽራፍ ሃኪሚ የማድሪድ ልጅ ነው። በ2022 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ከደረሰው የሞሮኮ ቡድን 26 ተጫዋቾች 14ቱ የተወለዱት ከሞሮኮ ውጭ ነበር። ኢትዮጵያም ጨርሶ አልሞከረችም አይባልም፤ በስዊድን ያደገው ተከላካይ ዋሊድ አታ ለዋሊያዎቹ ተሰልፏል። ግን አንድ ተጫዋች መሰለፉ ሥርዓት አለ ማለት አይደለም።

“የውጭ ልጅ ከመጣ በዳንግላና በእንጅባራ ሜዳ ላይ የሚለፋው ልጅ ምን ይሆናል?” የሚለው ስጋት መናቅ የለበትም። የዳንግላው ልጅ የጎደለው ግን አሠልጣኝ፣ ሜዳና ወደ ላይ የሚያደርሰው ውድድር ነው። ይህ ጉድለት ደግሞ በሩ ተዘግቶ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ አብሮ ኖሯል። “ታማኝነቱ ለሁለት ይከፈላል” የሚሉም አሉ። ለምርጫና ለሥልጣን ጥብቅ መስፈርት ማውጣት ይቻላል፤ ተከላካይ የሚጠብቀው ግን የመንግሥት ምስጢር ሳይሆን ጎል ነው።

ነገሩ ደግሞ የኳስ ብቻ አይደለም። ከአዊ ወጥቶ ባሕር ማዶ ትዳር የመሠረተ ሰው ልጅ ሐኪም ቢሆን፣ መሐንዲስ ቢሆን፣ ያው አዋጅ ይጠብቀዋል። ቢያንስ ያ የ1 ዓመት ገደብ ይነሳ፤ በትውልድ ሁለት ዜግነት ያገኘ ልጅ ሁለቱንም ይዞ እንዲቀጥል ይፈቀድለት። ከዚያ በኋላ “ለምን አልመጣህም?” ማለት ያምራል።

ፈረስ በሚከበርበት አገር “ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው” የሚባለው ሜዳው ክፍት ሲሆን ነው።