ኖትቡክ ሳይንስን ይረዳል ወይስ ያሳስታል?

አንደኛው ጸሐፊ፦ ይረዳል

ኮድ፣ ውጤት፣ ግራፍና ማብራሪያ በአንድ ገጽ ተከታትለው የሚቀመጡበት ኖትቡክ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው ማቲማቲካ ነው። የስቲቨን ዎልፍራምን ፕሮግራም በዚህ መልክ ያቀረበው ቲዮዶር ግሬይ ነበር። ከዚያ በፊት ተመራማሪው ስሌቱን በአንድ ፕሮግራም ሠርቶ፣ ግራፉን በሌላ አውጥቶ፣ ጽሑፉን በሦስተኛ ያዘጋጅ ነበር፤ አንባቢ እጅ የሚገባው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ማቲማቲካ ግን በገንዘብ የሚሸጥ፣ ውስጡ የተዘጋ ነበር። በሩን የከፈተው በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ዶክትሬቱን ይሠራ የነበረው ፈርናንዶ ፔሬዝ ነው። በ2001 ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩበትን አይፓይተንን ጀመረ፤ በ2011 መጨረሻ ላይ የአይፓይተን ኖትቡክ ወጣ፤ በ2014 ከፕሮግራም ቋንቋዎቹ ከጁሊያ፣ ከፓይተንና ከአር ስሙን የወሰደው ተከታዩ ጁፒተር ተወለደ። ሊጎ የተባለው የምርምር ተቋም በ2016 የስበት ሞገድ መገኘቱን ሲያበስር መረጃውንና ትንተናውን በኖትቡክ ለሕዝብ ለቀቀ። ማንም ተማሪ ሞገዱን ከጫጫታው መሀል ራሱ ነጥሎ ማየት ቻለ። የታተመ ጽሑፍ ብቻውን ይህን አያደርግም።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ ያሳስታል

በታሪኩ ላይ ጠብ የለም። ጠቡ ገጹ የሚያሳየውና ኮምፒውተሩ የሚያስታውሰው አንድ ነው በሚለው እምነት ላይ ነው።

አንድ ሴል፣ ማለትም ለብቻው የሚሄድ የኖትቡክ የኮድ ክፍል፣ «ዋጋ = 50» ይላል እንበል፤ ቀጣዩ «ዋጋ = ዋጋ * 2»። ሁለተኛው ሴል አንዴ ሲሄድ ውጤቱ 100፣ ሁለቴ ሲሄድ 200 ነው፤ ኮዱ ላይ ግን አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ከፍ የምትለው በግራ በኩል በቅንፍ ያለችው ተራ ቁጥር ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ልብ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። የባሰም አለ፤ የመጀመሪያው ሴል ቢሰረዝ እንኳ ዋጋው ከማህደረ ትውስታ አይወጣም። ኖትቡኩ ለባለቤቱ እየሠራ ለተቀባዩ አልሄድ ይላል።

የዳታ ሳይንስ ባለሙያው ጆኤል ግሩስ በ2018 ይህን ቅሬታ ጁፒተርን በሚወዱ ሰዎች ጉባኤ መድረክ ላይ ወጥቶ ተናግሯል፤ ድፍረት ይጠይቃል። በ2019 ተመራማሪው ፒሜንቴልና ባልደረቦቹ ኮድ ከሚጋሩበት ድረ ገጽ ከጊትሀብ 1.4 ሚሊዮን ያህል ኖትቡኮች ሰበሰቡ። ለማስኬድ ከሞከሯቸው ውስጥ ያለ ስህተት እስከ መጨረሻው የሄዱት 24 በመቶ ገደማ፣ የቀድሞ ውጤታቸውን የደገሙት 4 በመቶ ገደማ ናቸው። እርግጥ ያልተጫነ ላይብረሪም (አጋዥ የኮድ ጥቅል) የጥፋቱ ተካፋይ ነው። የሊጎ ኖትቡክ ግን ለሕዝብ ታስቦ በጥንቃቄ የተሰናዳ ነው፤ ተራው ኖትቡክ እንዲህ አይዘጋጅም።

ለጁሊያ በ2020 የወጣው ሌላ ኖትቡክ፣ ፕሉቶ፣ ሴል ሲሰረዝ ተለዋዋጩንም ያጠፋል፤ አንዱ ሲቀየር በእሱ ላይ የተመሠረቱትን ሁሉ እንደገና ያሰላል። ስለዚህ ችግሩ የተጠቃሚው ግድየለሽነት ሳይሆን የመሣሪያው አሠራር ነው፤ ጁፒተር ደግሞ ሴሎችን በፈለጉት ተራ ማስኬድን ዛሬም ይፈቅዳል።