ቴህራን ለዘብተኛ ስትመርጥ የዋሽንግተን ድርሻ

በኢራን ለዘብተኛ የሚባል ፖለቲከኛ ፕሬዚዳንት በሆነ ቁጥር በምዕራቡ ዓለም ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዱ ወገን የ1979ኙ አብዮት ያስከተለው ቁርሾ ሊያበቃ ነው ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ሌላው ሥልጣኑ ሁሉ በጠቅላይ መሪው እጅ ስለሆነ የተለወጠ ነገር የለም ይላል። ይህ ጋዜጣ ሁለቱንም አይቀበልም።

የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ጠባብ መሆኑ አያከራክርም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 110 መሠረት የአገሪቱን አጠቃላይ ፖሊሲ የሚወስነው፣ ጦሩን የሚያዝዘው፣ ጦርነትና ሰላም የሚያውጀው ጠቅላይ መሪው ነው። አብዮታዊ ዘቡም ተጠሪነቱ ለእርሱ ነው። ለዘብተኛው ሐሰን ሩሃኒ እ.ኤ.አ. በጁን 2013 ፕሬዚዳንት ሆነው ከመመረጣቸው በፊት የአሜሪካና የኢራን ባለሥልጣናት በኦማን በምስጢር መነጋገር ጀምረው ነበር። ያኔ ፕሬዚዳንቱ ማህሙድ አህመዲነጃድ ነበሩ፤ ፈቃዱ የመጣው ከወቅቱ ጠቅላይ መሪ ከዓሊ ኻሜኒ ነው።

በዚያ ፈቃድ ምን መሥራት እንደሚቻል ያሳዩት ግን ሩሃኒ ናቸው። በተመረጡበት ዓመት ከባራክ ኦባማ ጋር በስልክ ተነጋገሩ፤ ከአብዮቱ ወዲህ በሁለቱ አገሮች ፕሬዚዳንቶች መካከል የመጀመሪያው ንግግር ነበር። በጁላይ 2015 ቪየና ላይ በተደረሰው ስምምነት ኢራን ዩራኒየም ከ3.67 በመቶ በላይ ላታበለጽግ፣ ክምችቷንም ከ300 ኪሎ ግራም ላታሳልፍ ተስማማች። የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቃሏን መጠበቋን ደጋግሞ አረጋገጠ።

ያፈረሰው ዋሽንግተን ነው። ዶናልድ ትራምፕ በሜይ 2018 ከስምምነቱ ወጡ፤ በስምምነቱ ተነስቶ የነበረው ማዕቀብ ተመለሰ። የአገሪቱ አየር መንገድ ኢራን ኤር ማዕቀቡ ሲነሳ ካዘዛቸው 100 የኤርባስ አውሮፕላኖች የተረከበው 3 ብቻ ነው። ማዕቀቡ ተነስቶ ኑሯችን ይሻሻላል ብሎ ለሩሃኒ ድምፁን የሰጠው ሕዝብ ያገኘው የዋጋ ንረት ሆነ። በ2021 ፕሬዚዳንትነቱ ወደ አክራሪው ኢብራሂም ራይሲ ሲሄድ ማበልጸጉ 60 በመቶ ደርሶ ነበር።

ዋሽንግተን ለኢራን ለዘብተኛ ጀርባዋን ስትሰጥ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ከሩሃኒ በፊት በነበሩት ለዘብተኛ ፕሬዚዳንት በመሐመድ ኻታሚ ዘመን ኢራን በ2001 መጨረሻ ቦን ላይ የአፍጋኒስታን መንግሥት ሲዋቀር ተባብራለች። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ከኢራቅና ከሰሜን ኮሪያ ጋር ደምረው “የክፋት ዛቢያ” አሏት። ለዘብተኞቹን ባዶ እጃቸውን ሰዶ ሲያበቃ አቅም የላቸውም ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

ለውጭ መለዘብ ለገዛ ሕዝብ መለዘብ ማለት እንዳልሆነም አንዘነጋም። በኖቬምበር 2019 የነዳጅ ዋጋ ጭማሪን ተቃውመው አደባባይ የወጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢራናውያን የተገደሉት በሩሃኒ ዘመን ነው።

ነገሩ እኛንም ይነካል። ኢትዮጵያ ነዳጇን የምትገዛው ከባሕረ ሰላጤው ነው፤ እልፍ ወገኖቻችንም እዚያው አካባቢ ሠርተው ያድራሉ። የባሕረ ሰላጤው መውጫ የሆነው የሆርሙዝ ሰርጥ በታወከ ቁጥር ዳፋው አዲስ አበባ ይደርሳል።

የቪየናው ስምምነት የአሜሪካ ሴኔት ያጸደቀው ውል ስላልነበረ አንድ ፕሬዚዳንት የተስማማበትን ተከታዩ ለመሻር አልተቸገረም። ስለዚህ ወደፊት ስምምነት ከተደረሰ ዋሽንግተን በምክር ቤቷ ታጽድቀው፤ በቴህራንም ጠቅላይ መሪው በይፋ ኃላፊነቱን ይውሰድ። ይህ ካልሆነ ማንም ለዘብተኛ ቢመረጥ ከሩሃኒ የተሻለ ውጤት አያመጣም።