አሠልጣኝ መለወጥ ብቻውን ቡድን አያድስም

ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ቍጥር ተመልካቹ «አሠልጣኙ ይውረድ» ይላል፤ ይወርዳል፤ ሌላ ይሾማል፤ ሽንፈቱ ግን እንዳለ ነው። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ቡድን፥ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ያንኑ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ «ባለሜዳ» ተብሎ የተጫወተው ሊሎንግዌ፥ ማላዊ ላይ ነበር፤ አገር ውስጥ መመዘኛውን የሚያሟላ ሜዳ አልተገኘለትምና። በሰኔ 2005 ዓ.ም. ደግሞ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን 2 ለ 1 አሸንፈን 3ቱን ነጥብ ተነጠቅን፤ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። (እስከ ሁለት መቍጠር ምን ያህል ሒሳብ ይጠይቃል?)

ሜዳ ማሰናዳትና የካርድ መዝገብ መያዝ የፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። እንግዲህ ቍጣችን ወደዚያው ይዙር፤ ጠቅላላ ጉባኤውም ሲሰበሰብ አስቀድሞ ይህንኑ ይጠይቅልን።