የታሰረ ሰው አንደበት

 

ጥር 28 ቀን 2005 ማታ በኢቴቪ «ጂሃዳዊ ሐረካት» ከታየ ወዲህ እዚህ ግምጃ ቤት ሻይ ቤት በገባሁ ቁጥር አንድ ነገር እሰማለሁ፦ «ራሳቸው በአንደበታቸው ተናገሩ እኮ!» ይህን የሚሉት ጎረቤቶቻችን ብቻ አይደሉም፤ አብረውን በአንድ ሰፍ የሚሰግዱም አሉ።

አዎን፣ ኮሚቴዎቻችን ሲናገሩ ታይተዋል። ግን የት ሆነው? በሐምሌ 2004 ከተያዙ በኋላ፣ በመርማሪ እጅ ሆነው ነው። በካቴና ታስሮ የታየም አለ።

በሸሪዓችን ኢቅራር ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ሆኖም ተናጋሪው ያለ ግዳጅ ሊናገር ይገባል። ዓማር ኢብኑ ያሲር (ረ.ዐ) በሥቃይ ብዛት የኩፍር ቃል ሲናገሩ አላህ ልባቸውን እንጂ ምላሳቸውን አልያዘባቸውም፤ ሱረቱ ነሕል 106ን እናስታውስ። ዑመርም (ረ.ዐ) የተራበ፣ የተፈራራ ወይም የታሰረ ሰው በራሱ ላይ እንደማይታመን ተናግረዋል። ማዒዝ በገዛ እግሩ መጥቶ ኃጢአቱን ሲናገር እንኳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደጋግመው ፊታቸውን አዞሩበት፤ አእምሮው ጤነኛ መሆኑንም ጠየቁ።

የሀገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። በወቅቱ የነበረው የፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 በቪዲዮ የተቀረጸ የእምነት ቃልን በማስረጃነት ይቀበል የነበረ ቢሆንም፣ ከሕገ መንግሥቱ በላይ የሆነ አዋጅ የለም። ቃሉ በግድ ይሁን በውድ የሚመረምረው ዳኛ ነው። ፊልሙ ግን የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዳይተላለፍ ያዘዘውን እግድ ጥሶ፣ ፍርድ ሳይሰጥ በየቤታችን ገባ።

ይህን ስጽፍ ራሴንም እየወቀስኩ ነው። አንድ ጊዜ በመድረሳችን ኪታብ ጠፋብኝ። አንዱን ልጅ አለንጋ አሳይቼ ጠየቅሁት፤ «እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለ። በማግስቱ ኪታቡ ከመስኮቱ ሥር ተገኘ። ለምን እንደዋሸ ስጠይቀው «እንዳይመቱኝ ብዬ ነው ኡስታዝ» አለኝ። ያን ዕለት የዋሸው አለንጋዬ ነበር።

ስለዚህ ጀመዓዎች፣ «ተናገሩ እኮ» የሚላችሁ ሲመጣ አትቆጡ፤ በለሆሳስ «እጃቸው ተፈትቶ ነበር?» በሉት። እኛም በወንድሞቻችን ላይ አንፍረድ፤ በዱዓችንም አንርሳቸው።